ለእግርና ለቁርጭምጭሚት ሕክምና የትኛው አልትራሳውንድ ይሻላል?

የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕመምተኞችን የሚያይ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ሊገዛ ሲነሣ፣ ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የስክሪኑን ስፋትና የሶፍትዌሩን ብዛት ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ ተደርጎ ድምፅ የሚልከውና የሚቀበለው የማሽኑ ክፍል ነው። ፕላንታር ፋሺያ የሚባለው፣ ተረከዝን ከጣቶች ግርጌ ጋር የሚያያይዘው ጠንካራ ሽፋን ጤነኛ ሲሆን በተረከዝ በኩል ያለው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ ተቆጥቷል ተብሎ ይጠረጠራል። የጤናና የሕመም ድንበር ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ፣ ምስሉ ከደበዘዘ ልኬቱም አይታመንም።

ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ5 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ የሞገዱ ርዝመት 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በ15 ሜጋኸርዝ ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ የሚደርስበት ጥልቀት ግን ይቀንሳል፤ እግር ላይ የሚፈለጉት ጅማቶች ከቆዳ ሥር ብዙም ስለማይርቁ ይህ ጉዳት የለውም። ለሆድና ለእርግዝና የሚያገለግለው፣ ፊቱ የጎበጠውና ድግግሞሹ ዝቅ ያለው ኮንቬክስ ፕሮብ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይበጅም። ለእርግዝና ክትትል የተገዛ ማሽን ያለው ክሊኒክ ሌላ ማሽን ከመግዛቱ በፊት፣ ያለው ማሽን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ) ፕሮብ ይቀበል እንደሆነ ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል።

በእጅ ከሚያዙት ትንንሽ ማሽኖች መካከል በተርፍላይ አይኪው በቺፕ የሚሠራ አንድ ፕሮብ ለመላው አካል እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለገብነቱ ለድንገተኛ ክፍል ይጠቅማል፤ ለጣት መገጣጠሚያ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፤ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያም ስላለው ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚፈጸም ቀድሞ ይታሰብበት። የጂኢ ቪስካን ኤር ባለ ሁለት ራስ ነው፤ አንደኛው ጥልቀት ላለው፣ ሌላኛው ለቅርብ አካል ይሆናል። ክላሪየስ ኤል 20 ደግሞ እስከ 20 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ ከሦስቱ ለእግር የተሻለ የሚስማማው እርሱ ነው። ሦስቱም ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር ስለሚሠሩ ገጠር ለሚወጣ ሐኪም ይመቻሉ።

ላፕቶፕ መሰሉ ማሽን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ፕሮብ ይቀያየርበታል፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። ብዙ የእግር ሕመምተኛ ለሚያይ ክሊኒክ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ራሷ እንደ ሆኪ ዱላ የታጠፈች ትንሽ ፕሮብ ሊገጠምለት ይችላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚያቃጥል ሕመም ያለበት ሰው ሲመጣ፣ ሐኪሙ ይህችን ፕሮብ ከውስጥ እግር በኩል አስጠግቶ በሌላ እጁ የእግሩን ፊት ከግራና ከቀኝ ሲጫነው፣ ያበጠው ነርቭ ሲንሸራተት በስክሪኑ ላይ ያየዋል። ሰፊ ፕሮብ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ በደንብ አይቀመጥም። በራጅ የማይታይ የእሾህ ወይም የእንጨት ስንጥርም በዚሁ ፕሮብ እንደ ነጭ መስመር፣ ዙሪያው ጠቆር ብሎ ይታያል።

ባለ ጎማው ትልቅ ማሽን በምስል ጥራትም ሆነ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ለሆስፒታል ይገባዋል፣ አንድ ክፍል ላለው ክሊኒክ ግን ወጪውና ቦታው ይከብዳል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ገዢው በሻጩ ፊት የራሱን የአኪለስ ጅማት ይይበት። ጅማቱ ከተረከዝ በላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች መስሎ መታየት አለበት። ፕሮቡ ጥቂት ዲግሪ ሲያጋድል ጅማቱ የተቀደደ ያህል ይጠቁራል፤ ይህ የማሽን ጉድለት ሳይሆን የድምፁ ማዕዘን ውጤት ነው፣ ስለዚህም ከማሽኑ ጋር ሥልጠና እንዲሰጥ በውሉ ይካተት። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡም ይጠየቅ።

ያገለገለ ፕሮብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጄል ሳይቀባ ቀጥ የተደረገ የወረቀት ክሊፕ በፕሮቡ ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ያሳልፍ። ክሊፑ የነካው ቦታ በስክሪኑ ላይ ሊበራ ይገባል፤ ክሊፑ ሲያልፍበት ጨለማ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ፣ በዚያ በኩል ያሉት ድምፅ አመንጪ ክሪስታሎች ሞተዋልና ሌላ ፕሮብ ይጠየቅ።