የሚታጠብ ሞዴስ፦ በጋውን አለፈ፣ ክረምቱስ?

የሚታጠብ ሞዴስ ልትገዛ ያሰበች ሴት ቀድማ የምትጠይቀው «ደሙን ይይዛል ወይ?» ብላ ነው። ይይዛል። አብዛኛዋ ሴት በአንድ የወር አበባ የሚፈሳት ደም ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ እሱም በአራት አምስት ቀን ተከፋፍሎ ስለሚመጣ በደንብ የተሰፋ ሞዴስ አይቸገርም። ከዓመት በላይ ከተጠቀምንበት በኋላ የምንሰጠው ፍርድ ግን ሌላ ነው፤ የሞዴሱ ጥሩነትና መጥፎነት የሚለየው ፓንት ላይ ሳይሆን ማስጫ ገመድ ላይ ነው። በተለይ አዲስ አበባ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ።

የምንናገረው ገበያ ላይ ስለተለመደው ዓይነት ነው። ገላ የሚነካው ጥጥ ወይም ፍላኔል፣ መሀሉ ድርብርብ የፎጣ ጨርቅ፣ ጀርባው ውሃ እንዳያሳልፍ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ የተቀባ ፖሊስተር፤ ሁለት ክንፍ አለው፣ በፓንቱ ስር ጠቅ በሚል ቁልፍ ይያያዛል። የቀኑ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የሌሊቱ ከ30 ይበልጣል። በአገራችን በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው በ2009 እ.ኤ.አ. መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ ፋብሪካን ያቋቋሙት፣ በ2019 ደግሞ የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተሸለሙት ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። ከፋብሪካ ውጪ ልብስ ሰፊ የሚሰፋውም ስላለ ግን ጥራቱ እንደ ሰፊው እጅ ይለያያል።

ስለዚህ ስትገዢ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ስፌቱ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ ከሄደ ጥሩ ነው። መሀል ለመሀል የወረደ የስፌት መስመር ካየሽ ግን መልሰሽ አስቀምጪው። መርፌው የበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ ማፍሰሻ ነው፤ ክሩም እንደ ኩራዝ ክር እርጥበቱን ስቦ ወደ ውጪ ያወጣዋል። «ሞዴሱ አፈሰሰብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው የጨርቁ ማነስ ሳይሆን ይቺ መስመር ናት። ቤት ወስደሽ ለመፈተን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ መሀሉ ላይ አፍስሺ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በጀርባው በኩል ሶፍት አድርገሽ በመዳፍሽ ተጫኚው። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ አልፏል። ከፈተናው በፊት ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የመጣ ቅባትና ማጠንከሪያ ስላለበት ውሃውን አይቀበልም፣ ላዩ ላይ ያንከባልለዋል።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር መሀሉ ነው። ሁሉም ድርብ አንድ ላይ የተሰፋበት ሞዴስ አለ፤ ኪስ ኖሮት የውስጡ ጨርቅ የሚወጣበትም አለ። የመጀመሪያው ሲለበስ ይመቻል፣ አይንሸራተትም፤ ሲደርቅ ግን ያስለቅሳል። ኪስ ያለው ተፈታቶ ስለሚሰጣ በግማሽ ጊዜ ይደርቃል። ቆላ ለምትኖር ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፣ ድሬዳዋ ላይ የትኛውም በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ እዚያ መጠንቀቅ ያለብሽ ላዩ ፖሊስተር ከሆነው ነው፣ ያልባል፣ ያሳክካል። ደጋ ለምትኖር ግን ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ኪስ ያለው ይሻላል እንላለን።

ስንት ይበቃል? በየአራት ስድስት ሰዓቱ መቀየር ስላለበት በቀን አራት ያስፈልጋል። በበጋ የዛሬው ታጥቦ ነገ ስለሚደርቅ ስድስት የቀንና ሁለት የሌሊት በቂ ነው። በክረምት አንዱ ለመድረቅ ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል አሥር አሥራ ሁለት ከሌለሽ እርጥብ እስከ መልበስ ትደርሻለሽ። ወጪውን ለማስላት፦ በቀን አራት፣ በወር አምስት ቀን ቢባል የሚጣለው ሞዴስ 20 ይሆናል፣ በዓመት 13 ዑደት 260። ያንን በሰፈርሽ ሱቅ ዋጋ አባዢው፤ በደንብ የተያዘ የሚታጠብ ሞዴስ ወደ ሁለት ዓመት እንደሚያገለግልም አትርሺ።

አጠባው ከባድ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ጨርቁ ላይ ስለሚያጣብቀው እድፉ አይለቅም። ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ሽንት ቤት ድፊው፣ ከዚያ በደረቅ የልብስ ሳሙና በእጅሽ አሽተሽ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቅልቂ። ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ያደረ ይሸታል፤ ያ ሽታ ደግሞ በአንድ አጠባ አይለቅም። የአንድ ቀኑን ለማጠብ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ለብቻው ማስቀመጥ ነው። በረኪና አይነካው፣ ጀርባውን ይበላዋል። የልብስ ማለስለሻም ጨርቁን ቅባት አልብሶ መምጠጥ ያስከለክለዋል። ጠምዝዘሽ አትጭመቂው፣ ቅቡ ይሰነጠቃል፤ በሁለት መዳፍሽ መሀል አድርገሽ ተጫኚው ወይም በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ እርገጪበት።

አሁን ወደ ገመዱ። የጨርቁ ፊት ወደ ፀሐይ፣ የተቀባው ጀርባ ወደ ጥላ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ እድፍ የያዘው ፊት እንዳይታይ ጀርባውን አዙሮ ይሰጣል። ያኔ ፀሐይዋ ጀርሟን መግደል ያለባትን ፊት ሳትነካ ጀርባውን ስታደርቅና ስትሰነጥቅ ትውላለች። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መዘርጋትም እንዲሁ ነው፤ ቆርቆሮው ሲግል ቅቡ ከጨርቁ ይላቀቃል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ያደረቀች ደግሞ የቀለጠ ጀርባና የጭስ ሽታ ታተርፋለች። ካውያም በጀርባው በኩል ክልክል ነው።

ኀፍረቱን እንደሌለ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ አማትና ጎረቤት በሚያልፍበት፣ ማን ይሰጣል? ግን አልጋ ስር ወይም ቁምሳጥን ውስጥ የደረቀ ሞዴስ ደረቀ አይባልም። እርጥበቱ መሀሉ ውስጥ ይቀራል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከዚያ ማሳከክና የቆዳ መቆጣት ይከተላል። መላው ቀላል ነው፦ ገመዱ ላይ ሰጥተሽ በላዩ ስስ ነጠላ ጣል አድርጊበት። ነጠላ አየር ያሳልፋል፣ ብርሃንም በከፊል ያሳልፋል። ወፍራም ፎጣ ወይም ፌስታል ከሆነ ግን አለመስጣት ይሻላል። መድረቁን በጣት አትለኪ፤ መሀሉን ጉንጭሽ ላይ ለጠፍ አድርጊው። ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው።

በክረምት ጠዋት ብልጭ ያለች ፀሐይ ከሰዓት በዝናብ ስለምትተካ ይህ ሁሉ ጥንቃቄም ላይበቃ ይችላል። እዚህ ላይ የወር አበባ ካፕ፣ ማለትም ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚያጠራቅም ትንሽ ኩባያ፣ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ማድረቅ የሚባል ጣጣ የለበትም። ከሕክምና ደረጃ ሲሊኮን የሚሠራው ካፕ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ከስምንት እስከ 12 ሰዓት ያስቆያል፣ ከተጠነቀቁለት ዓመታት ይዘልቃል። የወር አበባው ሲመጣና ሲያልቅ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌላ ቦታ አምስት ደቂቃ የሚባለውን እኛ አሥር ብናደርገው ጥሩ ነው። ለእሱ ብቻ የተለየ ጣሳ ይኑረው፣ ውሃውም ይብዛ፤ ካፕ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ውሃው አልቆ ጣሳው ታች ላይ ሲያርር ነው።

ስታወጪው ጅራቱን ይዘሽ አትጎትቺ። መጀመሪያ ታችኛውን ክፍል በሁለት ጣት ጨፍልቀሽ አየር አስገቢ፣ ከዚያ በቀስታ ሳቢው። ይህ በተለይ ሉፕ ላስገባች ሴት ወሳኝ ነው፤ ካፑ በመሳቡ ሉፑን ይዞ ሊወጣ ስለሚችል አስቀድማ ጤና ባለሙያ ታማክር። ቧንቧ በሌለበት ሽንት ቤት ለመቀየር በሃይላንድ የተያዘ ንጹህ ውሃ ለእጅም ለካፑም ይበቃል። ድንግል ለሆነች ልጅ ካፕ ሲገባ ስሱ ሥጋ ሊለጠጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል፤ ይህን አውቃ ራሷ ትወስን፣ ማንም አይወስንላት። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ብዙው ካፕ የመለኪያ መስመር ስላለው የሚፈስሽን ትለኪበታለሽ። በአንድ ዑደት ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ደም ማነስ ሊያመጣ ስለሚችል ጤና ጣቢያ መታየት ነው።

የወር አበባ ፓንት የሚባለውን፣ ያለ ሞዴስ ራሱ ደሙን የሚመጠውንም አይተነዋል። ምቹ ነው፣ ግን ከሁሉም ዘግይቶ የሚደርቀው እሱ ስለሆነ ለደጋ ክረምት አንመክረውም። የእኛ አሠራር፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚታጠብ ሞዴስ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀን ካፕ፣ ሌሊት ሞዴስ። ውጪ ለሚውል ሰው ዚፕ ያለው ውሃ የማያሳልፍ ቦርሳ ያስፈልገዋል፤ የተጠቀምሽበትን ፊቱን ወደ ውስጥ አጥፈሽ በክንፉ ቆልፊውና ማታውኑ እጠቢው።

ከጊዜ በኋላ መጀመሪያ የሚደክመው ቁልፉ ነው። ላልቶ ሞዴሱ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ልብስ ሰፊ በጥቂት ብር ይቀይረዋል። ጨርቁ መምጠጥ ቢያቆም ለመጣል አትቸኩዪ፤ የተጠራቀመ ሳሙና ሊሆን ስለሚችል ደሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ያለሳሙና ዘፍዝፈሽ አረፋው እስኪያልቅ አለቅልቂው። ጀርባውን ወደ ብርሃን አንስተሽ ስታዪው ነጣ ያለ ስንጥቅ ወይም የተላጠ ቅብ ካለው ግን መጠገኛ የለውም። ክንፉንና ቁልፉን ቆርጠሽ ለሌላው መለዋወጫ አስቀሪ፣ የቀረውን ጣይው።