ጎሚኒ፣ ቴፍሎን ወይስ አዲስ ቱቦ? የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማያያዣው ሲያንጠባጥብ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚያፈሰው ከየት እንደሆነ እዩ። ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ቧንቧውን ክፈቱና ዙሪያውን ሶፍት አስጠጉ። ሶፍቱ ዳዶው (የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው፣ እየዞረ የሚታሰረው ክፍል) ስር ከረጠበ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጎሚኒው ነው። መሃል ላይ ከረጠበ ግን ቱቦው ተሰንጥቋል። እሱን በፕላስተር መጠቅለል ልፋት ነው፣ ይቀየር።

ከሁሉም ርካሹ ጎሚኒ ነው። ዳዶው ውስጥ የምትቀመጠው ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት ማለት ናት። አውጥታችሁ በጥፍር ጫን በሏት፤ ከደረቀች ወይም ጠርዟ ከተሰነጠቀ አብቅቶላታል። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፣ በዓይን ግምት አትግዙ።

ቴፍሎን (የሚጠመጠመው ነጭ ስስ ጥቅል) ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። እዚህ ቦታ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ (ዳዶው የሚዞርበት ጠመዝማዛ መስመር) ሳይሆን ጎሚኒው ስለሆነ፣ የቱቦው ዳዶ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠመጥሙ ማንጠባጠቡ አይቆምም፣ እንዲያውም ዳዶው ተጣሞ ሊገባ ይችላል። የቴፍሎን ቦታው ሌላ ነው። የማሽን ቱቦ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ 3/4 ኢንች ነው፤ የቤታችሁ ቧንቧ 1/2 ከሆነ መሃል ላይ ማገናኛ ይገባል፣ የማገናኛውና የቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ያስፈልጋል። ማገናኛውን የነሐስ ግዙ።

ቱቦ መቀየር ካለባችሁ ምርጫው ሁለት ነው፦ ተራው የፕላስቲክና በብረት ሽቦ የተጠለፈው። ደብረ ብርሃን ላላችሁ፣ በተለይ ማሽኑ በረንዳ ወይም ግቢ ላይ ከሆነ፣ እኔ ያለማመንታት የተጠለፈውን እላለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ተራው ቱቦ ይደርቃል፣ የፕላስቲክ ዳዶውም በፒንሳ ሲጠብቅ ቶሎ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር በሌሊት ድንገት በግፊት ሲለቀቅ ጫናው በሙሉ የሚያርፈው ማያያዣው ላይ ነው። ሽቦው ግን ውርጭን አይከለክልም፤ ውስጡ ያው ጎማ ነው፣ ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ስለዚህ ውጭ ካለ ቱቦ ውስጥ ማታ ማታ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው፣ የትኛውንም ብትገዙ ጥላ ስር ይሁን።

ማሽኑ ከሮቶ ብቻ የሚጠጣ ከሆነ ግን ተራው ይበቃል። 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር አካባቢ ስለሆነ ቱቦውን አያስጨንቀውም።

የተጠለፈ ስትገዙ ዳዶውን በእጃችሁ መዝኑት። ነሐስ ከበድ ይላል፤ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ቀላል ነው። ሽቦው ከዳዶው ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ የተበጠሰ ክር ካያችሁ መልሱት። ርዝመቱም ተወጥሮ የሚደርስ ሳይሆን ዘና የሚል ይሁን።

ስታስሩ መጀመሪያ በእጅ እስኪቆም አዙሩ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ጎሚኒው ይጨፈለቃል። አጥባችሁ ስትጨርሱም ቧንቧውን ዝጉት።