አውትሪቺ ከጎንደር ሲታይ፦ የሚከፈልበት የኦፕን ሶርስ ልምምድ ለሴት ፕሮግራመሮች

እ.ኤ.አ. በ2006 ግኖም የተባለው የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ፕሮጀክት ተማሪዎች በክፍያ ኮድ ለሚጽፉበት የጉግል የክረምት ፕሮግራም 181 ማመልከቻ ሲደርሰው ከሴት የመጣ አንድም አልነበረም። የፕሮጀክቱ ሰዎች «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ብለው አላለፉትም፤ ለሴቶች ለብቻው ጥሪ አወጡ። የዛሬው አውትሪቺ የበቀለው ከዚያ ነው። አሁን በቴክኖሎጂው ዓለም መድልዎ ለሚደርስባቸው ሌሎችም ክፍት ሆኗል። ሦስት ወር ገደማ በርቀት ይሠራል፤ ክፍያው 7,000 ዶላር ነው።

ዋናው ነገር ይኸው ክፍያ ነው። ኦፕን ሶርስ «በሩ ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል፤ ከክፍል ወጥታ እንጀራ የምትጋግር፣ ቡና የምታፈላ፣ ታናናሾቿን የምታስጠና ልጅ ግን በነፃ የምትሠራበትን ሰዓት ከየት ታመጣለች? ለዚህ ጥያቄ በገንዘብ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ብርቅ ነው።

መሰናከያው የመጀመሪያው ማመልከቻ ነው። የሚጠየቀው የገጠመሽ እንቅፋት እንጂ ውጤትሽ ወይም የምታውቂው የፕሮግራም ቋንቋ አይደለም። እኛ ዘንድ በደልን መናገር ነውር ስለሚመስል «ፕሮግራሚንግ እወዳለሁ» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ አያሳልፍም። በተጨባጭ ጻፊው፦ ክፍልሽ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ? በኮምፒውተር ላቦራቶሪ ውስጥ ኪቦርዱን የሚይዘው ማን ነው? በቡድን ሥራ ለአንቺ የሚደርስሽ ኮዱ ነው ወይስ ሪፖርቱን መተየብ?

የጊዜ ደንቡ ጥብቅ ነው፦ በሳምንት 30 ሰዓት ሥራ፣ ለተማሪ ደግሞ በልምምዱ ወቅት ከትምህርት ነፃ የሆኑ በርካታ ተከታታይ ሳምንታት። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያዋጣት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ዙር ነው፤ በኅዳር የሚጀምረው ለተመረቁት ይሻላል። የፕሮግራሙ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይታየናል። የትምህርት ካሌንደር ተዛብቶ ፈተና ወደ ሐምሌና ነሐሴ ከተገፋ፣ ጎበዟ ልጅ ባላጠፋችው ከውድድር ትወጣለች።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ካለፈ ቀጥሎ በመረጥሽው ፕሮጀክት ላይ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ የሙከራ ሥራ አለ፤ ኔትወርክ የሚፈትነውም ያኔ ነው። እንደ ሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ያለውን ኮድ ከነሙሉ የለውጥ ታሪኩ ማውረድ በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይበላል። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ ክሎን ስታደርጊ፣ ማለትም ኮዱን ስትገለብጪ፣ ዴፕዙን (የሚወርደውን የታሪክ መጠን፣ --depth) 1 ብትዪው የቅርቡ ብቻ ይወርዳል። ኮሚት ለማድረግ (ለውጥሽን ለመመዝገብ) ኢንተርኔት ስለማያስፈልግ ኔትወርክ ሲጠፋ ላፕቶፕሽ ላይ ሥሪ፣ ሲመለስ ላኪ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ግን ይህም አያድንም፤ እንዲህ ያለ ስጋት ካለ ለሜንተርሽ (ለሚመራሽ የፕሮጀክቱ ባለሙያ) አስቀድመሽ ንገሪ።

የሠራሽውን ሁሉ አውትሪቺ ድረ ገጽ ላይ መዝግቢ፤ ምንም ካልተመዘገበ የመጨረሻው ማመልከቻ አይከፈትም። ጥያቄሽንም በግል መልእክት ሳይሆን በፕሮጀክቱ የጋራ መወያያ ላይ አቅርቢ፤ ሜንተሮች ሲመርጡ ኮድሽን ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ጋር እንዴት እንደምትሠሪም ያያሉ።