ኦራል ላገኙልን የሶማሌ ተራው መካኒክ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ትናንት ማታ ከአፋር ተመለስን። ሰው በሰላም ገባ፣ ዕቃው በሰላም ገባ። ዛሬ ሳልጽፍ ብውል ይቆጨኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አምስት ኪሎ አካባቢ የምንሠራ፣ በየዓመቱ በጋ ላይ አፋር ወርደን ቅሪተ አካል የምንፈልግ ቡድን ነን። የእኔ ድርሻ አጥንት መለየት አይደለም። ውሃው፣ ናፍጣው፣ ድንኳኑና ቀለቡ በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። መኪና ከቆመ ሁሉም ነገር ይቆማል።

አምና ቆመብን። የተከራየነው የጭነት መኪና ደረቅ ወንዝ ሲሻገር አሸዋው እስከ ሆዱ ዋጠው። ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋ ስንዝቅ ዋልን። የካምፑ ውሃ ደግሞ እሱ ላይ ነበር። በዚያ ሙቀት ውሃ ሁለት ቀን ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ያኔ ነው ከሠራዊት የወጣ፣ ስድስቱም ጎማው በሞተር የሚነዳ መኪና እንግዛ ያልነው።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ በብዙ መቶ ቁርጥራጭ ነበረች። ስብርባሪውን ለማግኘት የኮረብታውን አፈር በወንፊት መንፋት አስፈልጓል። ሰላም የተባለችው ሕፃን ቅሪተ አካል የተገኘችበት ዲኪካም፣ አርዲ የተባለችው የተገኘችበት አራሚስም አስፋልት ዳር አይደሉም። ስንሄድ ውሃ፣ ነዳጅ፣ ወንፊትና ጄሶ እንጭናለን። ስንመለስ በጄሶ የተጠቀለለ አጥንት ይዘን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም እንመጣለን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መመለሻው ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የቆየ አጥንት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ቢሰነጠቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ሁለት ወር ፈለግሁ። ስልኬ በደላላ ተጨናነቀ። ሁሉም መኪና «ብዙ ያልተነዳ» ነው፣ ሁሉም ፎቶ ላይ ያበራል። በመጨረሻ አንድ ሾፌራችን «ነይ፣ ለዚህ ነገር የሚሆኑ ሰው አሉ» ብሎ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ ወሰደኝ። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ሠራዊት ውስጥ ኦራልና ዚል የሚባሉትን የሩሲያ ወታደራዊ ጭነት መኪናዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሌላው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ብር እንዳለን ነበር። ጋሼ ግን «ምንድን ነው የምትጭኑት? ስትመለሱስ?» አሉኝ። አጥንት አልኳቸው።

«የድንቅነሽ ዓይነት?»

«አዎ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ከጎማው እንጀምራ» አሉ።

መጀመሪያ ያየነው ዚል 131 ነበር። አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበሩ አዲስ ሸራ ለብሷል። እውነቴን ነው፣ ወድጄው ነበር። ጋሼ ካርቶን አንጥፈው ስሩ ገቡ። ናፍጣ የነካ ጨርቅ አቀብይኝ ብለው ሻንሲው ላይ ያለውን ቁጥር ጠረጉና «ነይ እዪ» አሉኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ያረጁና በልክ የተደረደሩ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ጠለቅ፣ ዘመም ብለዋል። ዙሪያቸው ያለው ብረት የሞረድ ጭረት አለበት።

«ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከመኪናው ጋር ግን አይገጥምም።»

ለባለቤቱ «አይሆነንም፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ብቻ ወጣን። ሰው ፊት አላዋረዱትም። በመንገድ ላይ ነው ያስረዱኝ። እንዲህ ያለ መኪና አንድ ቀን ኬላ ላይ ይያዛል፣ ያን ቀን ደግሞ አጥንቱ ላዩ ላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው፤ እናንተ በምትሄዱበት ያን ሁሉ ቤንዚን በበርሜል ተሸክሞ መዞር አደጋ ነው አሉኝ።

ሁለተኛው ልደታ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ኦራል 4320 ነበር። ባለቤቱ በጨረታ ገዝቶት ሥራ ስላጣለት ሊሸጠው ፈልጓል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ሸራው ተቀዷል፣ ቀለሙ ልጧል። እኔ ፊቴ ጠቆረ፣ የጋሼ ፊት ግን በራ። ናፍጣ ነው፣ ሞተሩ የካማዝ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ከኋላ ያሉት ጎማዎች እንደ ተራ ጭነት መኪና ጥንድ ጥንድ አይደሉም፣ ነጠላ ናቸው። የፊተኛው በረገጠበት ዱካ የኋለኛው ይከተላል፤ መካከላቸው ድንጋይ አይቀረቀርም።

ዋናው ነገር ግን የጎማው ነፋስ ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጎማውን ነፋስ መቀነስም መሙላትም ይችላል። አሸዋ ላይ ሲቀነስ ጎማው ተንፈስ ብሎ ይዘረጋል፣ መኪናው አይሰምጥም። ጥርጊያ መንገድ ላይም ንዝረቱ ይለዝባል። ለእኛ አጥንት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነፋሱ በጎማው እምብርት በኩል ስለሚያልፍ ግን እዚያ ያለው መዝጊያ ጎሚኒ ሲያረጅ ያፈሳል። ጋሼ ኦሞ በጣሳ በጠበጡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ስድስቱንም እምብርት በብሩሽ አረፋ ቀቡ። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አራቱ ዝም አሉ። ሁለቱ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ማበጥ ጀመረ።

«ሕመሙን አይደብቅም» አሉ ደስ ብሏቸው። የሁለቱን ጥገና ዋጋ ከመሸጫው አስቀነሱልን። የጨረታ ወረቀቱን፣ የጉምሩኩን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄጄ እስካረጋግጥ ድረስ ቀብድ እንዳልከፍል ከለከሉኝ። በኋላ ሻጩ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ኮሚሽን ሊሰጣቸው ሲል «ለልጆቹ ቀንስላቸው» ብለውታል። ለእኔ አንድ ቀን አላነሱትም።

ጥገናው ፈጠነ አልልም። አንድ ሳምንት ያሉት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ግን የተቀየረውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ አሮጌውን ከነደረሰኙ በማዳበሪያ ከረጢት አስረከቡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ያመላለሰ ሰው ይሄ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። ኦራል ናፍጣ ይወዳል፣ አስፋልት ላይም ቀርፋፋ ነው፣ ጋቢናው ውስጥ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። ይህንንም አስቀድመው ነግረውኛል። የውሃ በርሜሎቹ መሃል ላይ እንዲሆኑ፣ አጥንቱ ስር ደግሞ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ እንዲነጠፍ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ያው ወንዝ ጋ ስንደርስ ሾፌራችን ቆመ። ነፋሱን ሲቀንስ የመለኪያውን ቀስት እያየሁ ነበር። ጎማዎቹ አሸዋው ላይ ተዘረጉ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በዝግታ ገባ፣ ሳይቆም ወጣ። ማዶ ስንደርስ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ እንባዬ መጣ። ስንመለስ ሙዚየም ውስጥ ጥቅሉን ሁሉ አንድ በአንድ አየነው። አንድም አልተሰነጠቀም።

ለቁፋሮ፣ ለውሃ ጉድጓድ፣ ለመንገድ ሥራ፣ ለማንኛውም ሩቅ ቦታ እንዲህ ያለ መኪና የምትፈልጉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጋራዡን አሳያችኋለሁ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ብትሄዱ ይሻላል። ምን እንደምትጭኑና የት እንደምትሄዱ አስባችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ሰኞ ለዘይት ቅያሪ ይዘነው እንመጣለን።