ቪትዝን በልክ ዝቅ ላደረጉልን የእግር መካኒክ ምስጋናና ጥቆማ

ለእኚህ የመኪና እግር (የሾክና የሞላ ክፍል) ባለሙያ እድሜና ጤና ይስጥልን። 1.3 ሊትሯ የመጀመሪያ ትውልድ ቪትዝ ከሌላ መኪና በተፈታ ሾክ (ውዝዋዜውን የሚያበርደው) እና ሞላ (መኪናዋን የሚሸከመው ጥቅል ሽቦ)፣ ፊትም ኋላም 30 ሚሊ ዝቅ ብላ ከጋራዣቸው ከወጣች ስድስት ወር አልፏታል። አትንኳኳም፣ ወደ አንድ ጎን አታዘነብልም፣ የፊት ጎማዎቿም ከውስጥ በኩል አልተበሉም። መኪናውን ዝቅ ያስደረገ ሰው ይሄ ሦስቱ አንድ ላይ መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁ አልጽፍም፤ ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከዚህ በታች ያለው አሠራራቸው ነው። ወደ ሌላ ጋራዥ የሚሄድም ቢሆን ምን መጠየቅ እንዳለበት ይወቅ።

መፍታት የጀመሩት ከለኩ በኋላ ነው። መኪናዋን ሜዳ ወለል ላይ አቁመው፣ የጎማ ነፋስ አስተካክለው፣ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለክተው ቁጥሩን እያንዳንዱ ፓራፋንጎ ላይ በጠመኔ ጻፉ። ብዙ ሰው ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ ይለካል፤ እሱ ግን ጎማው ሲበላ ወይም ነፋሱ ሲጎድል ይለወጣል። ቀጥሎ ብራቾውን (ጎማውን ከቦዲው የሚያያይዘውን ክንድ)፣ ቦል ጆይንቱን (የብራቾውን ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ) እና ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) አንድ በአንድ በብረት እየነቀነቁ አዩ። የግራው ቴስቲና ትንሽ ይጫወት ስለነበር «ይሄ ሳይቀየር ሞላ አላወጣም» አሉ። ልክ ናቸው። እግሩ ሲጠነክር የመንገዱ ምት ሁሉ ወደነዚህ መገጣጠሚያዎች ስለሚሄድ፣ በድሮው ሞላ ድምፅ ያላሰማ ቴስቲና በአዲሱ መንኳኳት ይጀምራል።

ዕቃው የተገዛው የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው፤ አብረው ሄደው መረጡ። ምስጋናዬ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «የዚህ መኪና ነው፣ ልክክ ይላል» ሲል እሳቸው ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) አውጥተው ስንት ሚሊ እንደሆነ ያያሉ። ለፊት የመረጡት የዚያው ትውልድ የቪትዝ አር ኤስ ሾክ ከነሞላው ነው። አር ኤሷ 1.5 ሊትር ሞተር ያላት የስፖርት ሞዴል ስለሆነች እግሯም ጠንከር ያለ ነው። የፊት ሞላ የሚቀመጥበት ሳህን ሾኩ ላይ የተበየደ በመሆኑ ሞላውን ከአንዱ መኪና፣ ሾኩን ከሌላው መውሰድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሁለቱ አብረው መምጣት አለባቸው። የታችኞቹን ሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ የፍሬን ፍሌክሲብሉ የሚታሰርበትን ቦታና የላይኛውን የዘንግ ጥርስ ከአሮጌው ጋር አስተያይተው ነው የከፈልነው።

ሾኩንም ዝም ብለው አልተቀበሉም። ዘንጉን እስከ ታች ተጭነው ሲለቁት እኩል እየወጣ ይመለሳል ወይስ መሀል ላይ ባዶ ይሆናል? ዘንጉን በጣታቸው እያዞሩ ተጣሞ እንደሆነ፣ ክሮሙ ላይ የዝገት ጉድጓድ እንዳለ አዩ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሾኩን ዘይት የሚይዘውን ጎሚኒ ቆርጦ ዘይት ያስለቅቃል። ከቀረቡላቸው ሦስት ጥንድ ሁለቱን መለሱ።

ለኋላ የሚሆን የአር ኤስ ሞላ በጥንድ አልተገኘም፤ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ማገጣጠም ደግሞ እሳቸው ዘንድ የለም። ስለዚህ ክብደቷ ከቪትዝ ከፍ ከሚል ሴዳን የተፈታ የኋላ ሞላ ተፈለገ። ቪትዝ ላይ የኋላ ሞላና ሾክ ለየብቻ ስለሆኑ የውስጥ ስፋቱና የጫፉ አቆራረጥ ከገጠመ ሌላው ሁሉ በቁጥር የሚያልቅ ነው።

የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፤ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅልሉ ስፋትና በሚሠሩት (ወንበሩ ላይ ሳይተኙ በሚጨመቁት) ዙሮች ብዛት። ከሦስቱ ውፍረቱ ይበልጣል፤ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ለምሳሌ 10.5 ሚሊ ሽቦ፣ ከሽቦ መሀል እስከ ሽቦ መሀል 100 ሚሊ ስፋትና 6 የሚሠሩ ዙሮች ያሉት ሞላ አንድ ሚሊ ለመጨመቅ ወደ 2 ኪሎ ይፈልጋል። ሽቦው 11 ሲሆን 2.4 ኪሎ፣ 11.5 ሲሆን 2.9 ኪሎ ይደርሳል። አንዲት ሚሊ ብቻ ተጨምራ 44 በመቶ ጠነከረ ማለት ነው። ካሊፐሩን ከማስጠጋታቸው በፊት ቀለሙንና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ የሚያጸዱት ለዚህ ነው። ግማሽ ሚሊ ቀለም 11ን 11.5 አስመስሎ ስሌቱን ሃያ በመቶ ያሳስታል።

እሳቸው 30 ሚሊ ዝቅ ለሚል መኪና ከኦሪጅናሉ ከ20 እስከ 25 በመቶ የጠነከረ ሞላ ይመርጣሉ። ከዚያ የላላ ከሆነ፣ እግሩ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስላጠረ ስፒድ ብሬከር ላይ እግሩ የመጨረሻ ማቆሚያውን ይመታል። ድሮ 75 ሚሊ የነበረ ክፍተት አሁን 45 ነው፤ ኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ይባስ። ከዚያ በላይ ከጠነከረ ሾኩ ሞላውን መያዝ ያቅተውና ኮብልስቶን ላይ መኪናዋ ትዘላለች። ከቀላል መኪና የተፈታ ሞላ እየገጠሙ «በነጻ ዝቅ አለች» የሚሉ አሉ። እውነት ዝቅ ትላለች፤ ግን በመድከም ስለሆነ ውላ አድራ ከታች መምታቷ አይቀርም።

ሌላው ሰው የሚስትበት የሞላው ቁመት ነው። ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አቁሞ «ይሄኛው በ30 ሚሊ ያጥራል፣ በቃ» ማለት ስህተት ነው። አንዱ ጎማ ጋ 150 ኪሎ ቢያርፍ የ2 ኪሎው ሞላ ወደ 75 ሚሊ ይጨመቃል፣ የ2.4ቱ ግን ወደ 62 ብቻ። ስለዚህ ቁመታቸው እኩል ቢሆን ጠንካራው መኪናዋን 13 ሚሊ ከፍ ያደርጋታል። 30 ዝቅ እንድትል የነጻ ቁመቱ (ምንም ሳይጫነው ያለው ቁመት) በ43 ሚሊ ማጠር አለበት። ይህን ስሌት መሬት ላይ በጠመኔ ሠርተው ነው ያሳዩን።

የተገኘው የኋላ ሞላ ረጅም ስለነበር መቁረጥ ግድ ሆነ። ሞላ መቁረጥ ክፉ ስም ያተረፈው በአቆራረጡ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ከሆነ አይነኩትም፤ ከተቆረጠ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ጫፉ ቀጥ ያለው ላይ ብቻ፣ በቀጭን ዲስክ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ በአንዴ ከግማሽ ዙር ሳይበልጥ ይቆርጣሉ። በእሳት የተቆረጠ ወይም በእሳት ሞቆ እንዲተኛ የተደረገ ሞላ ጥራቱ ይጠፋል፤ ከርሞ ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። የትኛውም ጋራዥ ኦክሲጅን ይዞ ወደ ሞላችሁ ሲጠጋ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደግሞ መቁረጥ ራሱ ያጠነክራል፤ 7 የሚሠሩ ዙሮች 6 ሲሆኑ ጥንካሬው በ17 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ስሌቱ ከቁርጡ በኋላ በሚቀረው ዙር ነው መሆን ያለበት። የተቆረጠውን ጫፍ ሞርደው ቀለም ቀቡት፣ ባዶ ብረት እንዳይዝግ።

መግጠሙ ላይ ፈጣን ናቸው፣ ግን የማይዘሉት ነገር አለ። የፊቱ ሾክ የላይኛው የመሀል ዳዶ የሚፈታው ሞላው በመጭመቂያ ተይዞ በእጅ ሲነኩት ሲንቀጫቀጭ ብቻ ነው። መጭመቂያውን ግራና ቀኝ በተቃራኒ አድርገው፣ እኩል እኩል፣ በእጅ ቁልፍ ነው የሚያጠብቁት። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ ረዳታቸውንም ከፊቱ እንዳይቆም ሁለት ጊዜ ገፍተው አስወጡት። የላይኛውን ኩሽኔታ በአዲስ ቀየሩት። ያረጀ ከሆነ መሪ ሲዞር ሞላው አብሮ መዞር እያቃተው «ጧ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ሰውም ሞላው ነው ብሎ ያማርራል። የሞላው ጫፍ ሳህኑ ላይ ካለችው ደረጃ ጋር መግጠሙን በጣት ዳስሰው ነው ያለፉት።

ኋላ ላይ አክስሉን በክሪክ ደግፈው፣ የሾኮቹን የታች ቡሎን ፈትተው፣ ፍሌክሲብሉና የእጅ ፍሬን ገመዱ እንዳይወጠር እያዩ ቀስ ብለው አወረዱት። ሞላው ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ የላይኛው ጎሚኒም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኦሪጅናሉን ረጅም ሾክ ትተው አጠር ያለውን የአር ኤስ ሾክ ከኋላም የገጠሙበት ምክንያት አለ። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጎማዋ ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል አጭር ሞላ በረጅም ሾክ ውስጥ ይላላል፣ ከወንበሩም ሊወጣ ይችላል። ሲጨርሱ ኋላዋን አንስተው፣ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ሞላውን በእጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ። አልዞረም።

ቀጥሎ የሠሩትን ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ይህ ነገር የሚረሳው ስለማይታይ ነው። የኋላ አክስሉ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ትልቁ ጎሚኒ በቡሎኑ ከታሰረበት አቅጣጫ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መኪናዋ 30 ሚሊ ወርዳ ጎሚኒው በድሮው ማዕዘን ከቆየ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ መኪናዋን ወደ ላይ ይገፋታል፣ ቶሎም ይቀደዳል። እሳቸው ቡሎኖቹን አላልተው መኪናዋን መሬት አስቀመጡ፣ ሁለት ሰው ኋላ አስቀመጡ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉዋት፣ ከዚያ ከታች ገብተው አጠበቁ። የፊት ብራቾውንም እንዲሁ። ይህ ተዘሎ «ሞላው አልወረደም» እየተባለ ተጨማሪ ግማሽ ዙር ስንት መኪና ላይ ይቆረጣል! የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ላይ ጨረሱ።

አላይመንቱን በዚያው ቀን «ለመንገድ ብቻ» አስተካክለው፣ የመጨረሻውን ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲሠራ ቀጠሩ። ያገለገለም ቢሆን አዲስ ቦታ የተቀመጠ ሞላ ከጎሚኒው ጋር ጥቂት ሚሊ ይሰምጣል፤ እኛ ጋ 4 ነበር። የፊት እግር ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ቶውም (ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞሩበት መጠን) ይለወጣል። ጎማ የሚበላው ከመጋደሙ ይልቅ የቶው መዛባት ነው። ስለዚህ ቶው ወደ ዜሮ እንዲጠጋ፣ የግራና የቀኝ ካምበር (የጎማው መጋደም) ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ለአላይመንት ቤቱ በወረቀት ጽፈው ላኩ። የፊት መብራቱንም አስተካክለው ነው የመለሱልን።

ልነግራችሁ የሚገባ ጉድለትም አለ፤ ራሳቸውም አልደበቁትም። አምስት ሰው ተጭኖ ከፍ ያለ ስፒድ ብሬከር ላይ ማርሚታው ሊነካ ይችላል፤ በሰያፍ መውጣት ያስፈልጋል። ከ30 ሚሊ በላይ ለጠየቀ ደግሞ አይሠሩም። ገንዘቡን ይዞ መጥቶ 60 ዝቅ አድርጉልኝ ያለ ወጣት በክብር ሲመለስ አይቻለሁ።

ዋጋቸውን ከሥራው በፊት ተናግረው በመጨረሻ አልለወጡትም። ዕቃው ላይ ትርፍ አልያዙም፣ የወጣውን አሮጌ ሾክና ሞላ በጆንያ አድርገው መለሱልን። ሥራው ሙሉ አንድ ቀን ስለሚፈጅ በቀን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚቀበሉት። እሳቸው ጋ የምትሄዱ ቀጠሮ ያዙ፤ ከሌላ ቦታ የገዛችሁት ሞላ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት የሽቦውን ውፍረት፣ የሚሠሩ ዙሮቹን ብዛትና የነጻ ቁመቱን ለክታችሁ በስልክ ንገሯቸው፤ የማይሆን ከሆነ እዚያው ስልክ ላይ ይነግሯችኋል። ግማሽ ታንክ ቤንዚን ይዛችሁ፣ ኮፈንና የኋላ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ትርፍ ዕቃ አውርዳችሁ ግቡ።