ለእኔ ወንበር፣ ለእናቴ ሰልፍ

በ2015 ዓ.ም. ጥምቀትን ያሳለፍኩት ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ነው። ጀርመን ከገባሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እናንተም እንደኔ ውጭ የምትኖሩ፣ ለፋሲካ ልትገቡ ያሰባችሁ «የአገር ቤት አገልግሎት እንዴት ነው?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መንገዱን ላስቀድም። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በትልቁ አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ቁልቁለቱን በቀስታ ያዘው። ከጎኔ የነበሩት እናት እስከ ታች ድረስ ሲያማትቡ ነበር። ታች ስንደርስ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻገርንና ጎጃም ገባን። ያን ሹፌር እግዚአብሔር ይስጠው። ስመለስ ግን ቸኩዬ በሚኒባስ ሄድኩ። መተላለፊያው ላይ በበርጩማ ትርፍ ሰው ጭነዋል። ሹፌሩ ያንን ጠመዝማዛ የሚወርደው ስልክ እያወራ ነው። ተሳፋሪው በሙሉ ጮኸበትና ስልኩን ዘጋ። እባካችሁ፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅም በትልቁ አውቶቡስ ሂዱ።

ሆቴል ስላላደርኩ ስለሆቴል የምለው የለኝም። ምግቡንማ ምን እላለሁ፤ የጎጃም ጤፍ፣ የጎጃም ቅቤ ነው። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በየደቂቃው አለ፤ ኮንትራት ካልያዛችሁ ዋጋውም አይጎዳም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የልጅነት ሰፈሬ በተማሪ ተሞልቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ካፌው፣ የሚከራይ ክፍሉ በዝቷል። ሱቁም በቴሌብር ይቀበላል።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልጠራም። ዩሮ ልመነዝር ገባሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን የተደገፉ ገበሬዎች ከሌሊት ጀምረው ተጉዘው መጥተዋል። አንዱ ሠራተኛ ፓስፖርቴን በእጄ ሲያይ «እህቴ፣ በዚህ በኩል ነይ» አለኝ። ወንበር ተሰጠኝ። ቡናም መጣልኝ። በዐሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ የራሷን ብር ልታወጣ ደብተሯን ይዛ ወደዚያው ባንክ ሄደች። የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ፣ ባዶ እጇን ነው። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ አሉኝ» አለችኝ። እንዲህ የሆነው ስንት ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ ስንቴ ልጄ! ለምጄዋለሁ» አለች። ጉልበቷ ያማታል። መቀመጫ ስለሌለ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው የዋለችው። ያን ቀን የጠጣሁት ቡና ቆጨኝ። ሲስተም ሊቋረጥ ይችላል፤ ያ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። የሰባ ዓመት ሰው ግን ለምን ደረጃ ላይ ይውላል? መቋረጡንስ ለምን ጠዋት አይነግሯቸውም?

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ያው ሠራተኛ አየኝና ጠራኝ። «ባለጉዳይዋ እናቴ ናት፤ በተራዋ ትስተናገድ» አልኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኩት። ለሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር፣ ለሰልፉ ደግሞ የቁጥር ወረቀት አድርጉ አልኩት። ሰውየው ሳይቆጣ ሰማኝ፤ ማስታወሻም ያዘ። ይህንንም መናገር ተገቢ ነው።

ከባንኩ ወጥተን የደም ግፊት መድኃኒቷን ልንገዛ ፋርማሲ ጎራ አልን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መድኃኒት የምትሸጠው ልጅ ይህን ስታውቅ እስክሪብቶ አነሣች። አንዱ ማሸጊያ ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ጨረቃ ሣለች። «እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄን መቼ ነው የሚወስዱት?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «ጀንበር ስትወጣ» አለች። ሁለተኛውንም አስደገመቻት። ከኋላችን ሰው ነበር፤ ልጅቷ ግን አልቸኮለችም። እኔ በምኖርበት ከተማ እንኳ ለእናቴ ዕድሜ ሰው እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

ውሃው በፈረቃ ነው። በኛ ሰፈር በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ይመጣል፤ ያውም ሌሊት። ሮቶ ያለው ሰው ሞልቶ ይተኛል። እናቴ ግን የላትም። ቧንቧው መተንፈስ ሲጀምር ከእንቅልፏ ትነቃለች። በጨለማ ጀሪካን ትደረድራለች። አንድ ሌሊት «አንቺ ተኚ፣ እኔ እቀዳለሁ» አልኳት። አብራኝ ወጣች። ሁለታችንም ነጠላ ተከናንበን፣ የመጨረሻው ጀሪካን እስኪሞላ በጥር ብርድ ቆምን። ከመመለሴ በፊት ሮቶ ገዝቼ አስተክያለሁ። ግን የጎረቤቶቿ ልጆች ውጭ አይኖሩም። አሁንም እየነቁ ይቀዳሉ። ወደ አገር የምትገቡ ሁሉ ቅሬታ ማቅረቢያ ካገኛችሁ ይህንን ጻፉ፤ እኔም ጽፌያለሁ።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ባንኩ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገብቷል አለችኝ። ቁጥሩ ግን ገና ነው። ስለመድኃኒቷ ልጠይቃት ስል ከጓሮ ድምፅ ሰማች። «ቆይ ልጄ፣ ውሃው መጣ። ለጎረቤቴ ልንገራት» ብላ ስልኩን ዘጋችው።