ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ፦ ነጩን በማቅለሚያ ወይስ በማሽን የተቀመመውን?

ሳሎኔን ያየ ሁሉ «ይህ ግድግዳ ስንት ፈጀብህ?» ይለኛል። የትኛውን ዋጋ ልንገራቸው? ግድግዳው ሁለት ጊዜ ነው የተቀባው።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀለም ቀቢውን ነበር። «በማሽን የሚቀመመው ውድ ነው፤ ነጭ የውሃ ቀለም ግዛ፣ ማቅለሚያ ጨምሬ አጠቁረዋለሁ» አለኝ። ነጩ ጋሎን 1,200 ብር፣ የማቅለሚያው ጠርሙስ 110 ብር። ሦስት ይበቃል የተባለው ዘጠኝ ደረሰ፤ በድምሩ 2,190 ብር። የተገኘው ግን የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው። ነጭ ቀለም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በሚባል የሚያነጣ ዱቄት የተሞላ ስለሆነ ምንም ቢያፈሱበት አይጠቁርም። ማቅለሚያው ሲበዛ ደግሞ ቀለሙ ግድግዳውን በደንብ አይዝም። ለፋሲካ የመጣችው እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቡና ጠጥታ ስትነሣ፣ ነጠላዋ ትከሻው ላይ ያልተሸመነ ሰማያዊ ጥለት አወጣ።

በማሽን የተቀመመው ጋሎን ያኔ 2,300 ብር ነበር። ልዩነቱ 110 ብር፣ የአንዲት ጠርሙስ ዋጋ! ለዚህች ብዬ የቀቢውን የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፈልሁ፤ የሚለቀውን ፍቆ ለማንሣት የሄደው የብርጭቆ ወረቀትም አለ።

ማሽኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ማሽኑ ማቅለሚያ የሚጨምርበት መነሻ ቀለም (ቤዝ) ለጠቆረ ቀለም ተብሎ የተዘጋጀ፣ ነጭ ያልተጨመረበት መሆኑን ከጣሳው ላይ አንብቡ። ባዶ ጣሳ ሰብስቦ የረከሰ ቀለም የሚሞላም ስላለ፣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ የመክፈቻ ጭረት ካለ አትንኩት። ጣሳው ፊታችሁ ይከፈት፣ ፊታችሁ ይቀመም። «መብራት የለም፣ በእጅ ላደባልቀው» ካሏችሁ ነገ ተመለሱ።

የዘይት ቀለምስ? መተላለፊያ ላይ የልጆች እጅ ለሚደርስበት ከፍታ እሺ፤ በጨርቅ ይወለወላል። ሳሎን ላይ ግን አልመክርም። አብረቅራቂው ጥቁር ሰማያዊ የጀሶውን ጉብታ ሁሉ ያጋልጣል፣ ቀለሙ የሚቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ደግሞ ለቀናት አይወጣም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ከተቀባ ሊላጥም ይችላል።

የእኔ 11 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሦስት እጅ ፈጅቶ አንድ ጋሎን በቃው። የመጀመሪያውን እጅ ከተረፈ ነጭ ቀለም በጥቁር ማቅለሚያ ግራጫ አድርጋችሁ ብትቀቡ አንድ እጅ ውድ ቀለም ታተርፋላችሁ። የማቅለሚያ ጠርሙስ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከጋሎኑ የተረፈውን ግማሽ ሊትር ክዳኑን አጥብቄ፣ የቅመማ ኮዱን ወረቀት ለጥፌ አስቀምጫለሁ፤ በሌላ ጊዜ የተቀመመ በዚያው ኮድ ቢሆንም በጥቂቱ ይለያል፣ ጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ጥገና ከሩቅ ያስታውቃል።

እናቴ እስከ ዛሬ ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ ርቃ ነው የምትቀመጠው።